የፏፏቴ ዳር ሞስና በውስጡ የምትኖር ደቃቅ ፍጥረት፤ ስለ አዲስ የኮለምቦላ ዝርያ አገላለጽ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ለአንድ ሕያው ፍጥረት ስም ማውጣት ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። በሥነ እንስሳት ሙያ ግን ስም የሥራው ፍጻሜ እንጂ መነሻ አይደለም። ስሙ ከመውጣቱ በፊት ፍጥረቷ በጥንቃቄ መታየትና መለካት፣ ከዘመዶቿ ጋር መነጻጸር፣ አካሏም ለሚመጣው ትውልድ በታወቀ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ርጭት በማይለየው የፏፏቴ ዳር ሞስ ውስጥ የምትገኝ አዲስ የኮለምቦላ ዝርያ በምን ሥርዓት ለሳይንስ እንደምትገለጽ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ገላጩ ለፍጥረቷ አካል የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያህል ለመኖሪያዋም ሊያደርግ የሚገባው ለምን እንደሆነ ማሳየት ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮለምቦላ የሚባሉት ክንፍ የሌላቸው፣ ባለ ስድስት እግር፣ አብዛኞቹም ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ደቃቃን ፍጥረታት ናቸው። የረገፈ እርጥብ ቅጠል ወይም የአበባ ማሰሮ ያነሣ ሰው፣ ከሥሩ ብናኝ የሚያህሉ ነገሮች ወዲያና ወዲህ ሲፈናጠሩ አይቶ ይሆናል። የሚፈናጠሩት በክንፍ ወይም በእግር ኃይል አይደለም። በአራተኛው የሆዳቸው ክፍል ሥር እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያለው አካል አለ፤ ይህም ወደ ፊት ታጥፎ በሦስተኛው ክፍል ላይ ባለች ትንሽ መያዣ ይቆለፋል። መያዣዋ በለቀቀችው ጊዜ ሹካው መሬቱን ይመታል፤ ፍጥረቷም ከቁመቷ ብዙ እጥፍ ወደሚሆን ርቀት ትወረወራለች። በአንደኛው የሆድ ክፍል ሥር ደግሞ አጭር ቱቦ ትገኛለች። የወገኑን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ጆን ለቦክ ሲሆን፣ በ1873 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ፍጥረታቱን በዝርዝር አስተዋውቋል። ስሙም ሙጫና ሽብልቅ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፤ ቱቦዋ መለጠፊያ ናት ተብሎ ታስቦ ነበርና። ዛሬ የቱቦዋ ዋና ተግባር ውሃንና ጨውን ከአካባቢ መሳብና መመጠን እንደሆነ ታውቋል።

ቀደም ባለው ጊዜ እነዚህ ፍጥረታት ከነፍሳት ጋር ይቆጠሩ ነበር። ይሁን እንጂ የአፋቸው ክፍሎች በራሳቸው ውስጥ የተሸሸጉ በመሆናቸው፣ ሆዳቸውም ስድስት ክፍል ብቻ ስላለው፣ ለአካለ መጠን ከደረሱም በኋላ ቆዳቸውን መለወጥ ስለማያቆሙ፣ በዛሬው ዘመን አብዛኞቹ ሊቃውንት ራሱን የቻለ መደብ ያደርጓቸዋል። ጥንታውያንም ናቸው። በስኮትላንድ ሪኒ በተባለ ቦታ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቃ የተገኘችውና በ1926 ሪንዬላ ፕሬከርሰር ተብላ የተሰየመችው ኮለምቦላ፣ ዕድሜዋ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እስካሁን በሳይንስ የተሰየሙት ዝርያዎች ከ9,000 በላይ ሲሆኑ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ለም አፈር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግለሰቦች ሊገኙ ይችላሉ። ሻጋታን፣ ባክቴሪያንና የበሰበሰ ዕፅን እየተመገቡ የረገፈው ቅጠል ወደ አፈርነት እንዲመለስ ያግዛሉ።

ከዚህ በመቀጠል ወደ ፏፏቴው ዳር መሄድ ተገቢ ይሆናል። በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚታየው፣ አበባም እውነተኛ ሥርም የሌለው አረንጓዴ ተክል ሞስ ይባላል። ከገደል የሚወረወር ውሃ ከታች ካለው አለት ጋር ሲጋጭ ደቃቅ ርጭት ይነሣል፤ ርጭቱ የሚደርስበት ሞስም በበጋ እንኳ አይደርቅም። ሙቀቱ ከአካባቢው ያነሰና እምብዛም የማይለዋወጥ ነው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ግን ርጭቱ ያበቃል፤ ደረቁ ሣርና ቁጥቋጦ ይጀምራል። ስለዚህ የርጭቱ ክልል በየብስ ላይ ያለ ደሴት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀጭን ቆዳዋ የምትተነፍስና ደረቅ አየር ፈጥኖ የሚገድላት ፍጥረት ከዚህ ክልል ወጥታ ወደ ሌላ ፏፏቴ መሻገር እጅግ ይከብዳታል። በዚህ ዓይነት መለያየት ለብዙ ዘመን ሲቆይ አዲስ ዝርያ ለመፈጠር ምክንያት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቆዳዋ የምትተነፍስ ደቃቅ ፍጥረት ውሃ ሌት ተቀን በሚወርድበት ሞስ ውስጥ ሳትሰጥም እንዴት ትኖራለች? መልሱ በቆዳዋ አሠራር ላይ ነው። የኮለምቦላ ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእጅግ ደቃቅ እብጠቶች የተሸፈነ ነው፤ በእብጠቶቹ መካከል አየር ይያዛል፤ ውሃም ቆዳውን ሳያርስ ተንከባልሎ ይወርዳል። ፍጥረቷ ለጊዜው ብትሰምጥ እንኳ በዙሪያዋ የተያዘው ስስ የአየር ሽፋን ትንፋሿን ያቆይላታል። እንግዲህ ይህች ፍጥረት ከውሃ መራቅም ከውሃ መግባትም የማትችል፣ በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ድንበር የምትኖር ናት።

ናሙና መሰብሰብ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከሞሱ ጥቂት ጭብጥ ብቻ ተወስዶ በጨርቅ ከረጢት ይያዛል፤ ምንጣፉን በሙሉ መግፈፍ መኖሪያውን ማፍረስ ነውና አይገባም። ሞሱ በነጭ ሳህን ላይ ሲራገፍ የሚወድቁት ፍጥረታት አልኮል በነካ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ይነሣሉ። የቀረው በወንፊት ላይ ተደርጎ፣ አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ በሆነ ፈነል ላይ ይቀመጣል። ይህን ዘዴ በ1905 ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ ነው፤ በ1918 ደግሞ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በላዩ የኤሌክትሪክ አምፖል ጨምሮ አሻሻለው። ሞሱ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ሲደርቅ ፍጥረታቱ ድርቀቱንና ብርሃኑን እየሸሹ ይወርዱና ከሥር ባለው አልኮል ውስጥ ይገባሉ።

ነገር ግን ከፏፏቴ ሞስ የተገኘ ሁሉ የፏፏቴ ነዋሪ አይደለም። ጎርፍ ከላይኛው ጫካ አፈር አጥቦ ያመጣቸው፣ ነፋስ የጣላቸው፣ ለአንድ ቀን ለመጠለል የገቡ ዝርያዎች በአንድ ጭብጥ ሞስ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስለሆነም ሥራውን የሚያከብር ተመራማሪ በክረምትም በበጋም ይመለሳል፤ ከርጭቱ መካከል፣ ከዳርቻውና ከርጭቱ ውጭ ካለው ደረቅ ስፍራ ለየብቻ ናሙና ይወስዳል። በሦስቱም የምትገኝ ዝርያ እንግዳ ወይም ተራ ነዋሪ ልትሆን ትችላለች። ዘወትር በርጭቱ ውስጥ ብቻ የምትገኝ፣ ወንዶችና ሴቶች ከነታናናሾቻቸው አብረው የሚታዩባት ዝርያ ግን የቦታው ተወላጅ ናት ለማለት ያስደፍራል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል። ፍጥረቷ በላክቲክ አሲድ ውስጥ ትቆይና ቀለሟና ሥጋዋ ሲጠራ ቆዳዋ እንደ መስታወት ያሳያል። ቀጥሎም በስላይድ ላይ፣ ከንጥረ ነገሮቹ አንዱ የግራር ሙጫ በሆነውና የሆየር ፈሳሽ በሚባለው ውስጥ ትቀመጣለች። ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ስላይዱ በዝግታ መድረቅ፣ ዳር ዳሩም በቫርኒሽ መታተም አለበት። ይህ ካልተደረገ ፈሳሹ ከዓመታት በኋላ ይበላሻል፤ የዝርያዋ ብቸኛ ምስክር የሆነው አካልም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ረገድ ርካሽ ቫርኒሽ ከውድ ማይክሮስኮፕ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታዩት ምልክቶች ብዙ ናቸው። በእያንዳንዱ የራስ ጎን ያሉት ትናንሽ ዓይኖች ቢበዛ 8 ሲሆኑ በአንዳንድ ዝርያዎች ጥቂት ብቻ ይቀራሉ፤ በአንዳንዶቹም ጨርሰው ይጠፋሉ። አራት ክፍል ያለው አንቴና፣ በብዙ ቤተሰቦች ከአንቴናው ኋላ የሚታየው ልዩ የስሜት አካል፣ የእግር ጥፍርና በጥፍሩ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ የሹካው ጫፍ ቅርጽ፣ እነዚህ ሁሉ ይመዘገባሉ። ከሁሉ በላይ አድካሚው የፀጉሮች አቀማመጥ ነው። በእያንዳንዱ የአካል ክፍል ላይ ያለ ፀጉር በሥርዓት ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱም ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል። ለተራ ተመልካች ይህ ከንቱ ልፋት መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም ሁለት የማይዋለዱ ዝርያዎች በመልክ ፍጹም ተመሳስለው፣ በሁለት ወይም በሦስት ፀጉሮች ብቻ ሊለዩ ይችላሉ። ደግሞም አንዲት ፀጉር በአንድ ግለሰብ ላይ ብትጎድል የአጋጣሚ ጉድለት ልትሆን ስለምትችል፣ ብዙ ግለሰቦችን ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

በ2003 ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ዝርያዎችን በአንድ አጭር የዘር ቅንጣት፣ 650 ገደማ ፊደሎች ባሉት የሚቶኮንድርያ ክፍል፣ ለመለየት የሚያስችል ሐሳብ ካቀረቡ ወዲህ ለገላጩ ሌላ ረዳት ተገኝቶለታል። በዚህ መንገድ በኮለምቦላ ዘንድ አንድ ሰፊ ዝርያ ይመስል የነበረው ብዙ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከናሙናዎቹ ጥቂቶቹን ለዚሁ ተግባር በጠንካራ አልኮል፣ በቅዝቃዜ ማቆየት ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ የዘር ፊደል ብቻውን መግለጫ አይሆንም፤ ከሚታየው አካል ጋር ተገናዝቦ መቅረብ አለበት።

ንጽጽሩ ተጠናቅቆ ዝርያዋ አዲስ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ ሕጉ ይመጣል። የእንስሳት ስያሜ መነሻው የካርል ሊኔየስ መጽሐፍ 10ኛ እትም፣ 1758 ነው። በኩሬ ውሃ ላይ የምትታየው ኮለምቦላ ፖዱራ አኳቲካ የሚለውን ስሟን ያገኘችው በዚያው መጽሐፍ ነው። ከ1930 በኋላ የወጣ ስም ሁሉ ዝርያዋን ከሌሎች የሚለይ መግለጫ በቃላት ሊኖረው ግድ ነው። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው 4ኛው ዓለም አቀፍ የስያሜ ሕግ ደግሞ የስሙ ዋቢ የሚሆነው ናሙና በግልጽ እንዲሰየም፣ በየትኛው የናሙና ስብስብ እንደሚቀመጥም እንዲነገር ያዛል። ይህ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል። አብረውት የተጠኑት ፓራታይፕ ይባላሉ። በኋላ ዘመን ክርክር ቢነሣ ዳኛው መጽሐፉ ሳይሆን ሆሎታይፑ ነው።

ስሙን በተመለከተ ለፍጥረቷ ገላጭ ሰፊ ነጻነት ተሰጥቶታል። በራሱ ስም አለመሰየሙ የቆየ ወግ ነው። የአገር ቋንቋ ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ ስም ሊሆን እንደሚችል ኢትዮጵያውያን በቅርብ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ጭላዳንና ዋልያን ሲሰይም ሁለቱን የአገሩን ስሞች ወስዶ የሳይንስ ስም አድርጓቸዋል። ስሙ ከአገሩ ሲወሰድ ናሙናው ግን ወደ ፍራንክፈርት ሄዷል፤ የሩፔል ስብስብ ያለው በዚያው ከተማ በሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ነውና። በዚያ ዘመን ሌላ አማራጭ አልነበረም ሊባል ይችላል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር አለ። በመሆኑም ከአገሪቱ የምትገለጽ ማንኛዋም ዝርያ ሆሎታይፗ፣ ቢያንስ የፓራታይፖቿ ከፊል፣ በአገር ውስጥ ቢቀመጥ ወደፊት የሚመጣው ተማሪ የገዛ አገሩን ፍጥረት ለማየት ባሕር መሻገር አይኖርበትም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ አካልና ስለ ስም ነው። የቀረው ሦስተኛው ነገር ቦታው ነው። በብዙ መግለጫዎች ውስጥ ቦታው በአንድ መስመር ታልፎ ይታያል፤ የአገሩ ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ “ከፏፏቴ አጠገብ ካለ እርጥብ ሞስ” የሚል ሐረግ፣ በዚያው ያበቃል። ይህ እንደማይበቃ የሚያስረዳ ታሪክ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ ተፈጽሟል።

በታንዛኒያ በኡድዙንግዋ ተራሮች የኪሃንሲ ወንዝ በጥልቅ ገደል ይወርዳል። ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የሚሆነው ግንባታ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1996፣ በፏፏቴው ርጭት በሚረሰርሰው ሣርና ሞስ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቢጫ ጉርጥ ተገኘች። በ1999 ኔክቶፍሪኖይድስ አስፐርጂኒስ ተብላ ተሰየመች፤ ሁለተኛው ስም ርጭት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በዓለም ላይ ያላት መኖሪያ ከ2 ሄክታር ብዙ የማይበልጥ እርጥብ መስክ ብቻ ነበር። በ2000 ከወንዙ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ 180 ሜጋዋት ወደሚያመነጨው ጣቢያ ሲዞር ርጭቱ ቆመ። በዚያው ዓመት 499 ጉርጦች ለጥበቃ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። በገደሉም ርጭት የሚተካ የውሃ መርጫ ተዘረጋ፤ ለጊዜው የተረፉት ጉርጦች ቁጥርም አንሠራርቶ ነበር። በ2003 ግን በድንገት አለቁ፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ክትሪድ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። በ2009 ዝርያዋ ከተፈጥሮ መኖሪያዋ መጥፋቷ ታወጀ። በምርኮ የተራቡት ልጆቿ በ2010 ወደ ዳሬሰላም ተመለሱ፤ ከ2012 ጀምሮም ወደ ገደሉ የመመለሱ ሥራ ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ጉርጧ ተገልጻ ስም በማግኘቷ ሰዎች ሊከራከሩላት፣ ገንዘብ ሊመድቡላት፣ መርጫ ሊዘረጉላት መቻላቸው ነው። ስም የሌለውን ፍጥረት በአካባቢ ጥበቃ ሰነድ ላይ ማስጻፍ እጅግ ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ጥናት ከግንባታው በፊት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ርጭት፣ በየትኛው ወር፣ እስከ ምን ርቀት እንደሚያስፈልጋት ውሃው ከመዞሩ በፊት መመዘን ይቻል ነበር። ጉርጧ በዓይን የምትታይና በመልኳ የምትማርክ ናት። ከእርሷ ጋር በአንድ ሞስ ሥር የሚኖሩት የ1 ሚሊሜትር ፍጥረታት ግን የሚጮኹ አይደሉም፤ መጥፋታቸውንም የሚነግር ማንም የለም።

የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ስለ ርጭት ያለው ግንዛቤ የቆየ ነው። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ የሚወረወርበትን ስፍራ ጢስ ዓባይ ብሎ የጠራው ከሩቅ እንደ ጢስ በሚታየው ርጭት ነው። በዚያ ስፍራ በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። ከሁለተኛው በኋላ በበጋ ወራት በገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ እጅግ መቀነሱን ቦታውን የጎበኘ ሁሉ አይቷል። በ2010 ደግሞ የበለስ ማመንጫ የጣናን ውሃ በሌላ አቅጣጫ መውሰድ ጀመረ። መብራት ለሕዝቡ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ የሥነ እንስሳት ባለሙያም የማመንጫ ተቃዋሚ አይደለም። ከእርሱ የሚጠበቀው ውሃው ከመዞሩ በፊት በርጭቱ ሥር ማን እንደሚኖር መዝግቦ ለወሳኙ አካል ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ከፏፏቴ ሞስ የምትገለጽ የኮለምቦላ ዝርያ መግለጫ ከተለመደው በላይ ጥቂት ነገሮች ሊጨመሩበት ይገባል። እነርሱም የርጭቱ ክልል ስፋት በሜትር ተለክቶ፤ የሞሱና የአየሩ ሙቀት በሁለቱም ወቅት ተመዝግቦ፤ ሞሱ ራሱ በዕፅዋት ሊቅ ተለይቶ፤ ዝርያዋ ያልተገኘችባቸው የቅርብ ቦታዎች ተዘርዝረው፤ ወንዙ በላይኛው ክፍል ስለተጠለፈበት ወይም ሊጠለፍ ስለታሰበበት ሁኔታ በግልጽ ተጽፎ የሚቀርብ ነው። ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ የሚጠይቀውም የመለኪያ ሜትር፣ ቴርሞሜትርና ሁለት ጉዞ ነው።

በሚገባ የተዘጋጀ ስላይድ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊነበብ ይችላል። ርጭት ግን አንድ የውሃ በር ሲዘጋ በአንድ ቀን ይቆማል፤ ያን ጊዜ ቦታው ምን ይመስል እንደነበር የሚናገረው ገላጩ ትቶት ያለፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። የማኅበሩ አባላት በየተሰማሩበት መስክ ይህን ልብ እንዲሉት፣ በሚመጣው ጉባኤም እንዲወያዩበት ንግግሩ በአክብሮት ቀርቧል።